ከጳጳሱ ጎን ያለችው ነጭ ወፍ

ባለፈው ወር እንግሊዝ የምትኖር አንዲት እናት የላከችልንን ጥያቄ አውጥተን በሦስት መስመር ብቻ መልሰን ነበር። ሦስት መስመር አልበቃም። ከዚያ በኋላ ስለዚሁ ሰው የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። ስለዚህ የዚህ ወር አምድ ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው። ዓመታቱን የጻፍነው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

“የምኖረው እንግሊዝ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቼን ይዤ ሊንከን ከተማ ያለውን ትልቁን ካቴድራል ለማየት ሄድኩ። እዚያ የገዛሁት ፖስት ካርድ ላይ አንድ ጳጳስ አለ፤ አጠገቡ ዝይ የምትመስል፣ አንገቷ ረጅም የሆነ ነጭ ወፍ ቆማለች። ስሙ ቅዱስ ሂዩ ይላል። የሰባት ዓመት ልጄ ‘ጳጳስ ወፍ ያረባል እንዴ?’ ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። ማን ነው? ወፏስ ምንድን ናት?” (እናት፣ ከሼፊልድ)

እህታችን፣ ልጅሽ ጥሩ ጥያቄ ጠይቋል። ወፏ ስዋን ትባላለች። ጳጳሱ አላረባትም፤ እሷ ናት እሱን የመረጠችው።

ሂዩ እንግሊዛዊ አይደለም። የተወለደው በ1140 አካባቢ፣ ዛሬ ፈረንሳይ በሆነው ተራራማ አገር፣ አቫሎን በሚባል ግንብ ውስጥ ነው። አባቱ ዊልያም የአካባቢው ባላባትና ተዋጊ ነበር። እናቱ ሂዩ ገና የስምንት ዓመት ልጅ እያለ ሞተች። ያኔ አባትየው ትጥቁን ፈታና ትንሹን ልጁን ይዞ በአቅራቢያው ወደነበረ ገዳም ገባ፤ አባትና ልጅ አብረው። ሂዩ እዚያው ተማረ፣ በ19 ዓመቱ ዲቁና ተቀበለ። አባቱ ሲያረጅም ይመግበውና ያጥበው የነበረው እሱ ራሱ ነው።

ከዚያ አንድ ቀን ከገዳሙ አለቃ ጋር ግራንድ ሻርትረዝ የሚባለውን ገዳም ሊያይ ሄደ። ይህ ገዳም በ1084 ከግረኖብል ከተማ በላይ፣ በረዶ በሚበዛበት ተራራ መካከል የተመሠረተ ነው። መነኮሳቱ ካርቱዚያን ይባላሉ። እያንዳንዳቸው ትንሽ ቤትና ትንሽ የአትክልት ቦታ አላቸው፣ ብቻቸውን ይጸልያሉ፣ ብቻቸውን ይበላሉ፣ ሥጋ አይቀምሱም፣ ከውስጥ የሚለብሱት ሰውነት የሚፋቅ የፀጉር ልብስ ነው። ንግግር የለም ማለት ይቻላል። ሂዩ ይህን ሲያይ ልቡ እዚያው ቀረ። አለቃው እንዳይሄድበት ቃል አስገብቶት ነበር፤ እሱ ግን ሄደ። በ1163 አካባቢ ገብቶ ወደ 17 ዓመት ገደማ ኖረበት። እዚያ እያለ ነው የተራራ ወፎችና ሽኮኮዎች ወደ ክፍሉ እየገቡ ከእጁ ይበሉ ነበር የሚባለው።

እንግዲህ የስዋኗ ነገር። ሂዩ የሊንከን ጳጳስ ሆኖ በተሾመበት ወቅት፣ ከከተማው 13 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ስቶው በሚባል የጳጳሱ ርስት ውስጥ አንድ ትልቅ ስዋን ድንገት መጣች። እዚያ የነበሩትን ሌሎች ስዋኖች ሁሉ እየታገለች አባረረች። ሰው አታስጠጋም፤ ሂዩ ሲመጣ ግን እየጮኸች ትቀበለዋለች፣ ከእጁ ዳቦ ትበላለች፣ ረጅም አንገቷን በሰፊው እጅጌው ውስጥ ሰድዳ ጭንቅላቷን ብብቱ ሥር ትወሽቃለች። ሲተኛ አልጋው አጠገብ ቆማ ትጠብቃለች፤ ሊያልፍ የሚሞክር ሁሉ በክንፏና በአፏ ይመታል። የቤቱ ሰዎች ጳጳሱ ሊመጣ ሲል እሷ ቀድማ ታውቃለች ይሉ ነበር፤ ለቀናት ትጠፋና እሱ ሊደርስ ሲል ብቅ ትላለች። ይህን የጻፈው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። የሂዩ የቅርብ ካህን የነበረው የአይንሻም አዳም ጽፎታል፣ በዘመኑ የነበረው የዌልሱ ጄራልድም ጽፎታል። ለልጅሽ ይህን ንገሪው።

“መነኩሴ ከነበረ እንዴት ጳጳስ ሆነ? ንጉሡ አይደል የሾመው? በዚያ ዘመን የአውሮፓ ጳጳሳት የንጉሥ ሎሌዎች ነበሩ ሲባል ነው የምሰማው።” (የታሪክ ተማሪ፣ አዲስ አበባ)

ግማሹ ልክ ነው። ያኔ ብዙዎቹ ጳጳሳት ከቤተ መንግሥት የወጡ ነበሩ፤ የንጉሡ ጸሐፊ፣ ዳኛ፣ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ያገለገለ ሰው በደመወዝ ፈንታ ሀገረ ስብከት ይሰጠዋል። ጳጳሱ ሰፊ ርስት አለው፣ ለንጉሡ ወታደር ያዋጣል፣ ምክር ቤት ይቀመጣል። ጳጳስ ሲሞት ደግሞ ሌላ እስኪሾም ድረስ የርስቱ ገቢ ለንጉሡ ነው። ስለዚህ ንጉሡ አይቸኩልም። ሊንከንን ውሰድ፦ ከ1166 ጀምሮ እስከ ሂዩ ድረስ ባሉት ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ ጳጳስ አልነበራትም። መካከል ላይ የንጉሡ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ጄፍሪ ለዓመታት “ተመራጭ ጳጳስ” እየተባለ፣ ጵጵስናውን ሳይቀበል ገቢውን በላ። ከሰሜን ከሐምበር ወንዝ እስከ ደቡብ ቴምዝ የሚደርስ፣ ኦክስፎርድን ሁሉ የሚጨምር ሀገረ ስብከት ነው፤ በእንግሊዝ ትልቁ። ሕዝቡን አስበው።

ንጉሡ ዳግማዊ ሄንሪ ነው። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቤኬት በ1170 መጨረሻ በገዛ ካቴድራሉ ውስጥ የተገደለው በእሱ ባላባቶች ነው። ሄንሪ ለዚህ ንስሐ እንዲሆነው ገዳማት ሊያቋቁም ቃል ገባ። አንዱ ዊተም በሚባል ቦታ የታሰበው የካርቱዚያን ገዳም ነበር። ቃሉን ገባ እንጂ ገንዘቡን አልሰጠም። የመጀመሪያው አለቃ ተስፋ ቆርጦ ተመለሰ። ሁለተኛው ሞተ። ሂዩ ሦስተኛው ሆኖ በ1179 አካባቢ ሲደርስ ያገኘው ጥቂት የእንጨት ጎጆ ነው፤ ዙሪያውን ደግሞ ገበሬዎች ሰፍረዋል፤ ገዳሙ ሲሠራ ይነሣሉ ተብለዋል።

እዚህ ላይ ነው ሰውየውን የወደድኩት። ሂዩ ለንጉሡ፣ እነዚህ ሰዎች እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ካሳ ካልተከፈላቸው ቦታውን አልረከብም አለው። ለቤታቸውም? አዎ፣ ለቤታቸውም። ንጉሡ ከፈለ። ከዚያ ሂዩ እየሳቀ፣ “አየህ ጌታዬ፣ እኔ ድሀው መጻተኛ በገዛ አገርህ የብዙ ቤት ባለቤት አደረግኩህ” አለው። እነዚያን ቤቶችስ ምን ታደርጋቸዋለህ? ለእኔ ስጠኝ። ሄንሪ ሰጠው። ሂዩ ወዲያው እንጨቱን ለገበሬዎቹ መለሰላቸው፤ ከፈለጉ ሌላ ቦታ ይሥሩበት፣ ከፈለጉ ይሽጡት። ሁለት ጊዜ ተጠቀሙ ማለት ነው። ከመንደሩ ተነሥቶ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ይገባዋል።

የመጽሐፍ ቅዱሱ ታሪክም አለ። ገዳሙ መጻሕፍት አልነበሩትም። ሄንሪ የዊንቸስተር መነኮሳት በትልቅ ድካም ጽፈው ያዘጋጁትን ግሩም መጽሐፍ ቅዱስ ተቀብሎ፣ የራሱ ስጦታ አስመስሎ ለዊተም ሰጠ። መነኮሳቱ ደስ አላቸው። በኋላ የዊንቸስተር መነኩሴ እንግዳ ሆኖ ሲመጣ ነገሩ ወጣ። ሂዩ መጽሐፉን በዝምታ መለሰላቸው። እነሱ ንጉሡ ይቆጣል ብለው ቢፈሩም፣ ንጉሡ እንዳያውቅ እናደርጋለን ብሎ ላከላቸው።

በ1186 የሊንከን ካቴድራል ካህናት አይንሻም በሚባል ቦታ ንጉሡ ባለበት ተሰብስበው ሂዩን መረጡ። የንጉሡ ፍላጎት መሆኑ ግልጽ ነበር። ሂዩ እምቢ አለ። ጳጳስ የሚመረጠው በንጉሥ ግቢ ሳይሆን በገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ ሂዱና በነፃነት ምረጡ፣ የምትፈልጉትን ሌላ ሰው ምረጡ አላቸው። ካህናቱ ሊንከን ተመልሰው እንደገና፣ በአንድ ድምፅ እሱኑ መረጡት። አሁንም አልተቀበለም፤ እኔ በአለቃዬ ሥር ነኝ፣ የግራንድ ሻርትረዝ አለቃ ካላዘዘኝ አልሄድም። ወደ ተራራው መልእክተኛ ተላከ። ትእዛዙ ሲመጣ ብቻ ነው የተነሣው። ስለዚህ ለጥያቄህ መልሱ፦ አዎ ንጉሡ ፈልጎታል፤ ሹመቱ ግን የንጉሡ ውለታ እንዳይሆን ሂዩ አስቀድሞ አጥር ሠራበት።

ለጵጵስናው ሲጓዝ ካህናቱ በወርቅ ባጌጠ ኮርቻ ተቀምጠው እሱ የበግ ለምድና ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ከፈረሱ ጀርባ አስሮ ይሄድ ነበር። አፈሩበት። ወደ ከተማ ሲቃረቡ አንዱ ሰው ሳያይ ማሰሪያውን ቆርጦ ጣለለት። ለሹመቱ በዓል ካቴድራሉ የገባው ደግሞ በባዶ እግሩ ነው። ከዚያም በኋላ በየዓመቱ እየሸሸ ዊተም ይሄድና ለሳምንታት በክፍሉ ይዘጋ ነበር። እዚያ የሚወደው ሥራ ሳህን ማጠብ ነበር።

“ሂዩ ንጉሥን በልብሱ ይዞ አናውጦታል የሚል ነገር አነበብኩ። ይህ የተጋነነ አይደለም? ሌላው ሰው እኮ አንገቱ ይቀላ ነበር።” (አንባቢ፣ ከቨርጂኒያ)

ወንድሜ፣ አልተጋነነም። እንዲያውም ከሦስት ነገሥታት ጋር ነው የተጋፈጠው፤ በየተራ ላውራልህ።

ሄንሪ። ያኔ የእንግሊዝ ደኖች ሰፊው ክፍል የንጉሡ አደን ነው። ገበሬው እንጨት ቢቆርጥ፣ አጋዘን ቢገድል ይቀጣል፣ የደን ሹሞቹም ድሀውን ያስለቅሱት ነበር። ሂዩ ጳጳስ በሆነ ማግስት የንጉሡን ዋና የደን ሹም አወገዘ። በዚያ ላይ ንጉሡ ለአንድ የቤተ መንግሥት ሰው የካቴድራል ሹመት ስጠው ሲለው እምቢ አለ፦ ይህ ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ነው፣ ለቤተ መንግሥት ሰዎች አንተ ሌላ መስጫ አለህ። ሄንሪ ተናዶ ዉድስቶክ ወደሚባለው ቤተ መንግሥቱ አስጠራው። ሂዩ ሲደርስ ንጉሡ ከመኳንንቱ ጋር ሣር ላይ በክብ ተቀምጧል፣ ማንም እንዳይነሣለት፣ ማንም ሰላም እንዳይለው ታዟል። ሂዩ ዝም ብሎ ገባና አንዱን መኰንን በእጁ ገፋ አድርጎ ከንጉሡ ጎን ተቀመጠ። ጸጥታ። ንጉሡ ሥራ እንዲመስል መርፌና ክር አስመጥቶ የቆሰለ ጣቱን መጠቅለያ መስፋት ጀመረ። ሂዩ ትንሽ አየውና “የፋሌዝ ዘመዶችህን እንዴት ትመስላለህ!” አለው።

ንጉሡ ሣሩ ላይ ተንከባለለ፤ በሳቅ። መኳንንቱ አልገባቸውም ነበርና ራሱ ንጉሡ አስረዳቸው። የንጉሡ ቅድመ አያት፣ እንግሊዝን በ1066 የወረረው ዊልያም፣ ፋሌዝ በምትባል የቆዳ ሠራተኞች ከተማ ከድሀ ወገን ሴት ነው የተወለደው፤ የቆዳ ፋቂ ልጅ ናት ይባል ነበር። ሂዩ በአጭሩ “የፋቂዎቹ ልጅ” ነው ያለው። በእኛ አገር ይህ ቃል ስንቱን ሰው እንዳሳዘነ ስለምናውቅ የነገሩ ድፍረት አይጠፋንም። ሄንሪ ግን ቁጣው በረደ፣ የሂዩን ምክንያት ሰማ፣ ተቀበለው። የደን ሹሙም ንስሐ ገብቶ ተፈታ።

ሪቻርድ። በ1197 መጨረሻ “አንበሳ ልቡ” የሚባለው የሄንሪ ልጅ ንጉሥ ሪቻርድ በኖርማንዲ ከፈረንሳዩ ንጉሥ ፊሊጶስ ጋር እየተዋጋ ነው፤ 300 ፈረሰኞች ለአንድ ዓመት እንዲሰጡት እንግሊዝን ጠየቀ። ጳጳሳትና መሳፍንት ኦክስፎርድ ተሰበሰቡ። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ እሺ አለ፣ የለንደኑ እሺ አለ። ተራው የሂዩ ሆነ። የሊንከን ቤተ ክርስቲያን ለንጉሡ ወታደር የምታቀርበው በእንግሊዝ ምድር ብቻ ነው፤ ከባሕር ማዶ ግዴታ የለባትም፤ ይህን መብት ከማፈርስ ወደ መጣሁበት ገዳም ብመለስ ይሻለኛል አለ። የሶልዝቤሪው ጳጳስ ኸርበርትም ደገፈው። ሪቻርድ የሁለቱም ንብረት ይወረስ ብሎ አዘዘ። የሶልዝቤሪው ተወረሰ። የሊንከንን ግን የሚነካ ሹም ጠፋ፤ የሂዩን ግዝት ፈርተው።

በ1198 ክረምት ሂዩ ራሱ ባሕር ተሻግሮ ሄደ። ሪቻርድ ሴን ወንዝ ላይ ባሠራው አዲስ ምሽግ ጸሎት ቤት ውስጥ ቅዳሴ ላይ ነበር። ሂዩ ሰላም አለው። ፊቱን አዞረበት። “ጌታዬ፣ ሳመኝ” አለው፤ ያኔ የሰላም ምልክት ነው። ዝም። ይኸኔ ሂዩ የንጉሡን ካባ ደረቱ ላይ ጨምድዶ ይዞ አናወጠው፦ “ከሩቅ አገር መጥቻለሁ፣ መሳም ይገባኛል።” “አይገባህም።” “ይገባኛል።” ይበልጥ አናወጠው። ሪቻርድ ሳቀና ሳመው። በዚያ አላበቃም፤ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ጎን ወስዶ ለሚስትህ ታማኝ አይደለህም ይባላል፣ ሹመትም በገንዘብና በውለታ ትሰጣለህ ይባላል፣ እውነት ነው? ብሎ ጠየቀው። ሪቻርድ በኋላ ለሰዎቹ፣ ጳጳሳት ሁሉ እንደዚህ ሰው ቢሆኑ ቀና ብሎ የሚያያቸው ንጉሥ አይኖርም ነበር ብሏል። በሚቀጥለው ዓመት በቀስት ተመትቶ ሲሞት መንገዱ ሁሉ ሽፍታ ነበር፤ ሂዩ ግን ፎንቴቭሮ የሚባለው የፈረንሳይ ገዳም ድረስ ሄዶ ቀበረው።

ጆን። ከሪቻርድ ቀጥሎ የነገሠ ወንድሙ ነው። እሱ ላይ አልተሳካለትም። ፎንቴቭሮ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የፍርድ ቀን ተቀርጿል፤ ሂዩ ጆንን አቁሞ ወደ ሲኦል የሚጎተቱትን ነገሥታት አሳየው። ጆን ወደ ሌላው ጎን ጎተተውና “እነዚህን አሳየኝ፣ እኔ የምከተለው እነዚህን ነው” አለ፤ ወደ ገነት የሚሄዱትን ነገሥታት። በፋሲካ ዕለት ደግሞ ለመባ የሚሰጠውን 12 የወርቅ ሳንቲም መዳፉ ላይ ይዞ ማየት ጀመረ። ሂዩ ምን ታያለህ ቢለው፣ ከጥቂት ቀን በፊት ቢሆን ኪሴ እከተው ነበር አለ። ሂዩ እጁን ሰብስቦ ሣህኑ ላይ ጥለህ ሂድ አለው። ስብከቱ ሲረዝምም ጆን፣ ምሳ ደርሷልና ይጨርስ ብሎ ሦስት ጊዜ ላከበት። ሂዩ ጨመረበት።

አንገቱ ለምን አልተቀላም ነው ያልከው። የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ሂዩ ከእነሱ የሚፈልገው ነገር አልነበረም። ንጉሥ ጳጳስን የሚይዘው በርስት፣ በሹመት፣ በዘመድ ነው። ሂዩን ርስትህን ወስጄብሃለሁ ብትለው ወደ ዊተም ትንሽ ክፍሉ ነው የሚሮጠው፤ ለእሱ ቅጣት ሳይሆን ዕረፍት ነው። ቤኬት የሞተበትን መንገድ ሁሉም ያስታውሳል፤ ሄንሪም ሁለተኛ ቤኬት አይፈልግም። ይህ ሁሉ ጠቅሞታል። ግን ደግሞ ንጉሥን ማሳቅ ያውቅ ነበር፣ ይህን አትናቀው።

“እኔ ዲያቆን ነኝ። ሂዩ የቅድስት ማርያም መግደላዊት ዐፅም ላይ በጥርሱ ነክሶ ቁራሽ ወሰደ የሚል ሰማሁና ደነገጥኩ። እንዴት ቅዱስ ይባላል?” (ከባሕር ዳር)

አይዞህ፣ የደነገጥከው አንተ ብቻ አይደለህም። ኖርማንዲ ውስጥ ፌካም በሚባል ገዳም የመግደላዊት ክንድ ነው የሚባል ዐፅም በሐር ተጠቅልሎ ይቀመጥ ነበር። ሂዩ መጠቅለያውን በቢላ ቀደደ፣ ዐፅሙን ሊሰብር ሞከረ፣ አልሰበር ሲለው በፊት ጥርሱ፣ ቀጥሎም በመንጋጋው ነከሰው። መነኮሳቱ እንደ ውሻ ያኝከዋል ብለው ጮኹ። የሂዩ መልስ፣ ትንሽ ቀደም ብዬ የጌታን ቅዱስ ሥጋ በጥርሴና በከንፈሬ ከተቀበልኩ የቅዱሳኑን ዐፅም እንዲህ ብነካ ምን ነውር አለው የሚል ነበር። በዚያ ዘመን አውሮፓ ዐፅም ለቤተ ክርስቲያን ትልቅ ሀብት ነው፤ ሂዩም ብዙ ቁራሽ ይሰበስብ ነበር። ይህን ልከላከልለት አልችልም። የገዳሙን አደራ ነው የነከሰው፣ መነኮሳቱም መጮኻቸው ተገቢ ነበር።

ሌላም የሚያመኝ ነገር አለ። በ1191 ኦክስፎርድ አጠገብ ጎድስቶው ወደሚባል የሴቶች ገዳም ሄደ። በመንበሩ ፊት በሐር የተሸፈነ፣ ሻማ የሚበራለት መቃብር አየ። የማን ነው? የዳግማዊ ሄንሪ ውሽማ የነበረችው የሮዛመንድ ነው። ሂዩ ከዚህ አውጥታችሁ ውጭ ቅበሯት አለ። ሕጉን ጠበቀ እንላለን። ሄንሪ ራሱ ግን ከሁለት ዓመት በፊት በክብር ተቀብሯል፣ ከቦታው ያነሣውም የለም። ለእሷ ትንሽ ርኅራኄ ቢያሳይ ምናለ እላለሁ።

ታዲያ ቅዱስ ያሰኘው ምንድን ነው ላልከው፣ ሥጋ ደዌ የያዛቸውን ሰዎች ተመልከት። ሰው ሁሉ ከሚሸሻቸው ጋር ይቀመጥ ነበር፣ እግራቸውን ያጥባል፣ ፊታቸውን ይስማል። አንድ ምሁር ወዳጁ ሊፈትነው፣ ቅዱስ ማርቲን ሲስም በሽተኛው ይድን ነበር አለው፤ አንተስ ማለቱ ነው። “የማርቲን መሳም የበሽተኛውን ሥጋ ፈወሰ፣ የበሽተኛው መሳም ግን የእኔን ነፍስ ፈወሰ” ብሎ መለሰ። ሙታንን መቅበርም አይተውም። መንገድ ላይ አስከሬን ካገኘ ይወርዳል፤ ንጉሥ ለምሳ ጠርቶት እንኳ ቀብር ካለ ንጉሡ ይጠብቃል። ሌሎች ጳጳሳት ሕፃናትን በቅብዐ ሜሮን ሲያትሙ ከፈረስ ሳይወርዱ ነበር፣ ልጆቹ ከፈረሶቹ ኮቴ ሥር እያለቀሱ። ሂዩ ቢደክመውም፣ ቢታመምም ይወርዳል። ካቴድራሉ በ1185 በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሶ ነበር፤ በ1192 መልሶ ማሠራት ሲጀምር ድንጋይና ጭቃ ተሸክሞ ከሠራተኞቹ ጋር ይመላለስ ነበር። እናትየው ከልጆቿ ጋር ያየችው ሕንፃ ምሥራቃዊ ክፍል ዛሬም የቅዱስ ሂዩ የመዘምራን ስፍራ ይባላል።

“የቤተ እስራኤል ልጅ ነኝ። ‘የሊንከኑ ቅዱስ ሂዩ’ ሲባል አይሁዶች የተሰቀሉበት ስም እንደሆነ ነው የማውቀው። እናንተ የምታወድሱት እሱን ነው?” (ከኔታንያ)

እናመሰግንሃለን ወንድማችን። ይህን ጥያቄ ሳናነሣው ማለፍ አይገባንም ነበር። አይደለም፣ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ስማቸው አንድ መሆኑ ብዙዎችን ያሳስታል።

አንተ የምትለው ልጅ ነው። በ1255፣ ጳጳሱ ከሞተ ከ55 ዓመት በኋላ፣ ሂዩ የሚባል የዘጠኝ ዓመት ገደማ ልጅ ሊንከን ውስጥ ጠፋና አስከሬኑ ጉድጓድ ውስጥ ተገኘ። አይሁዶች ለሥርዓታቸው ገደሉት ተባለ። ኮፒን የሚባል አይሁዳዊ ትተርፋለህ ተብሎ ተናዘዘ፤ ንጉሡ ሣልሳዊ ሄንሪ መጣና ቃሉን ሽሮ አስገደለው። ወደ 90 የሚጠጉ ተይዘው ለንደን ተወሰዱ፣ 18ቱ ተሰቀሉ። ክሱ ፈጽሞ ውሸት ነው። ልጁ “ትንሹ ቅዱስ ሂዩ” እየተባለ ካቴድራሉ ውስጥ መቃብር ተሠራለት፣ ሮም ግን ቅዱስ ብላ አላወጀችውም። በ1290 ደግሞ ቀዳማዊ ኤድዋርድ አይሁዶችን በሙሉ ከእንግሊዝ አስወጣ።

ጳጳሱ ሂዩ ሌላ ነው። በ1190 ሪቻርድ ወደ መስቀል ጦርነት ሲነሣ በእንግሊዝ ከተሞች አይሁዶች ላይ ዘረፋና ግድያ ተጀመረ። በዮርክ ያለቁት ብዙ ናቸው። በሂዩ ሀገረ ስብከትም ሊንከን፣ ስታምፎርድ፣ ኖርዝሃምፕተን ታመሱ። ሂዩ መሣሪያ የያዘውን ሕዝብ ፊት ለፊት ቆሞ ተጋፈጠ። ስታምፎርድ ላይ አይሁዶችን ዘርፎ የሸሸ ጆን የሚባል ወጣት ኖርዝሃምፕተን ውስጥ ተገደለ፤ ሰዉ ግን ሰማዕት ነው እያለ መቃብሩ ላይ ሻማ ያበራ ጀመር፣ የከተማውም ገበያ ደራ። ሂዩ ራሱ ሄደና ሕዝቡ እየጮኸበት አስቆመው። ሌባ ነው፣ ቅዱስ አይደለም።

በ1200 ወደ ግራንድ ሻርትረዝና ወደ አቫሎን ሄዶ የልጅነት አገሩን ተሰናበተ። ሲመለስ ታመመ። ለንደን ባለው ቤቱ ሁለት ወር ተኝቶ፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ መሞቻው ሲደርስ ወለሉ ላይ አመድ በመስቀል ቅርጽ እንዲነሰነስ አደረገና እዚያ ላይ አስተኙኝ አለ። የማታው ጸሎት “አሁን ባሪያህን በሰላም ታሰናብታለህ” የሚለው ላይ ሲደርስ ነፍሱ ወጣች። አስከሬኑ ሊንከን ሲደርስ ንጉሥ ጆንና የስኮትላንዱ ንጉሥ ዊልያም በአጋጣሚ እዚያው ነበሩ። ጆን ከመኳንንቱ ጋር ቃሬዛውን ተሸከመ፤ ዊልያም ቆሞ አለቀሰ። የከተማው አይሁዶችም ወጥተው እያለቀሱ ተከተሉት፤ የእውነተኛው አምላክ እውነተኛ አገልጋይ ነበር ይሉ ነበር። በ1220 የሮሙ ፓፓ ሆኖርዮስ ሣልሳዊ ቅዱስ ብለው አወጁት፤ ከካርቱዚያን መነኮሳት የመጀመሪያው እሱ ነው።

የጳጳሱም የልጁም መታሰቢያ በአንድ ካቴድራል ውስጥ ነው ያለው፤ ከሼፊልድ የጻፍሽልን እህታችን ዳግም ከሄድሽ ሁለቱንም ታገኛለሽ። ከልጁ መቃብር አጠገብ በ1955 ጽሑፍ አኑረውበታል። በአይሁዶች ላይ የተነገረው የፈጠራ ወሬ እንደነበረ፣ የንጹሐንን ሕይወት እንዳጠፋ ይናገርና ይቅርታ በመለመን ጸሎት ይዘጋል። ወደዚያ ስትደርሺ ለልጆችሽ አንብቢላቸው።